«መብራቱ አልጠፋ አለኝ»፦ ስለ መኪና የሰርቪስ ማስታወሻ ጥያቄና መልስ

ላለፉት 17 ዓመታት እጄ ከዘይትና ከፊልትሮ ርቆ አያውቅም። ይበልጡን የሠራሁት በቶዮታ ላይ ነው፤ ቤንዚንም ናፍጣም። በነዚህ ዓመታት ከማንኛውም ብልሽት በላይ የተጠየቅሁት ስለ አንዲት ትንሽ ብርቱካናማ መብራት ነው፤ ዘይት ከተቀየረ በኋላም አልጠፋ ስለምትለው የሰርቪስ ማስታወሻ። ዛሬ የጠየቀኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፦ መብራቷ ኪሎ ሜትር ትቆጥራለች እንጂ ዘይቱን አታየውም። ስለዚህ የምትጠፋው ዘይቱ በተቀየረበት ቀን ብቻ ይሁን።

ጥያቄ (አዲስ አበባ፣ የ2008 ሞዴል ያሪስ)፦ ትናንት ዘይትና ፊልትሮ አስቀየርሁ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ «ሜይንቴናንስ ሪኳየርድ» (ሰርቪስ ያስፈልጋል) የሚለው ጽሑፍ አሁንም በርቷል። ዘይት ቤቱ ሳይቀይርልኝ ገንዘቤን ወስዶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመብራቱ ብቻ ሰው አትጠርጥር። ዘይቱ መቀየሩን መኪናው በራሱ አያውቅም፤ ሰው ካልነገረው በቀር ቆጣሪው ካቆመበት ይቀጥላል። ከአሜሪካ የመጡ ቶዮታዎች ላይ መብራቱ 4,500 ማይል ገደማ ሲሞላ መኪናው በተነሳ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል፤ 5,000 ማይል ሲሞላ ደግሞ በርቶ ይቀራል። በኪሎ ሜትር 7,200 እና 8,000 ገደማ መሆኑ ነው።

አጠፋፉ እንዲህ ነው። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ እስኪበሩ ድረስ ቁልፉን አዙር። ኪሎ ሜትር የሚያሳየውን አዝራር እየተጫንህ «ትሪፕ ኤ» (የአንድ ጉዞ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ) ላይ አቁመው። አሁን ቁልፉን ወደ ኋላ መልሰህ አጥፋ። ከዚያ ያንኑ አዝራር ተጭነህ ያዝ፤ ጣትህን ሳታነሳ ቁልፉን እንደ መጀመሪያው መልሰህ አዙር። መስኮቱ ላይ ትንንሽ ሰረዞች ይመጡና አንድ በአንድ እየጠፉ ይሄዳሉ። ሁሉም ጠፍተው ዜሮዎች ሲመጡ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። ጣትህን የምታነሳው ያኔ ነው። በአንዳንድ ሞዴል መታየት ያለበት «ትሪፕ ኤ» ሳይሆን «ኦዶ»፣ ማለትም ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩ ነው። በአንዱ እምቢ ካለ በሌላው ድገመው፤ መኪናው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት የለም።

የአንተ ያሪስ የፍጥነት መለኪያው ከመሪው ኋላ ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ስለሆነ አንድ እጅ አዝራሩ ላይ፣ አንድ እጅ ቁልፉ ላይ ማድረግ ያስቸግራል። አጠገብህ ሰው ካለ አዝራሩን እሱ ይያዝልህ።

ዘይቱ በእርግጥ መቀየሩን ለማወቅ ከፈለግህ ደግሞ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። በቤንዚን ሞተር ትናንት የገባ ዘይት ዛሬም የማር መልክ አለው። ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለህ ፊልትሮውንም እይ፤ አዲስ ከሆነ አቧራ አልለበሰም።

ጥያቄ (ሐዋሳ፣ ኮሮላ)፦ የተባለውን አደረግሁ፤ ሰረዞቹ መጡ፣ ግን መብራቱ እንደገና በራ።

መልስ፦ ጣትዎን ቀድመው አንስተዋል። ሰረዞቹ ሲጀምሩ አልቋል ብሎ መልቀቅ የብዙ ሰው ስህተት ነው። የመጨረሻው ሰረዝ ጠፍቶ ዜሮው እስኪመጣ ድረስ ይያዙ።

ጥያቄ (ዳላስ፣ ፕሪየስ)፦ የእኔ ቁልፍ የሚዞርበት የለውም፤ በአዝራር ነው የሚነሳው። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ፍሬኑን ሳትረግጥ የማስነሻውን አዝራር ሁለት ጊዜ ተጫን። ፍሬን ካልተረገጠ መኪናው ለጉዞ ዝግጁ አይሆንም፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ብቻ ይበራሉ፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። የቀረው ከላይ እንደ ተናገርሁት ነው። በአዲሶቹ ቶዮታዎች ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት ቀርቷል፤ መሪው ላይ ባሉት ቀስቶች ወደ ማስተካከያው ገብተህ፣ ከተሽከርካሪ ማስተካከያዎች ውስጥ የታቀደ ሰርቪስ የሚለውን መርጠህ «አዎ» ትላለህ።

ጥያቄ (አዳማ)፦ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ መብራቱን አጥፍቼ ትንሽ ብነዳ ምን ይሆናል? ዓይኔን እየረበሸኝ ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙዎች ሳይጠይቁ ነው የሚያደርጉት።

በአንድ ሳምንትና በ500 ኪሎ ሜትር ሞተር አይሞትም። ጉዳቱ ሌላ ነው። መብራቱን ስታጠፋ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚያስታውስህ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ገንዘቡ ሳምንት አልፎ ወር ይወስዳል፤ መብራቱ ስለሌለ አንተም ትረሳዋለህ። ዘይቱ ግን አልረሳም፤ 8,000 ላይ ሌላ 8,000 እየጨመረ ነው።

አንድ ጊዜ ተጎትታ የመጣች ኮሮላ ተቀበልሁ። ባለቤቱ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ መብራቱ በበራ ቁጥር ለሚያሽከረክርላቸው ልጅ ገንዘብ ይሰጡት ነበር። ልጁ ገንዘቡን ይዞ መብራቱን ያጠፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ከውስጥ የተጋገረ ነገር አገኘሁ፤ እንደ አስፋልት የጠቆረ፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ ጭቃ ነበር። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ብፈታው ለአፍታ ምንም አልወረደም። ዘይቱ ከታች ረግቶ የፓምፑን ወንፊት ደፍኖታል፤ ሞተሩ በደረቁ ሲፋተግ ከርሟል። ለሦስት ዘይት ቅየራ የወጣው ገንዘብ ባከነ፤ ሞተሩም እንደገና መሠራት አስፈለገው።

ስለዚህ ለአንተ የምመክርህ መብራቱን እንደ በራ ተወው ነው። ዓይንህን ይረብሽህ። በዚህ መሐል በየሳምንቱ ዘንጉን እያወጣህ የዘይቱን መጠን እይ፤ ከጎደለ ጨምር። ገንዘቡ ሲገኝ መጀመሪያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ መብራቱ።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ቀይ የዘይት ማሰሮ የሚመስል ምልክትስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም! ያ የዘይት ግፊት ነው። እየነዱ ከበራ መንገዱን ለቀው ያቁሙ፤ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ቤት እስክደርስ አይበሉ። ዘይቱን ይለኩ፤ ጎድሎ ከሆነ ይሙሉና መብራቱ መጥፋቱን ይዩ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ መኪናው በጉተታ ይሂድ እንጂ ሞተሩ አይነሳ። ብርቱካናማ መብራት ጊዜ ይሰጣል፤ ቀይ መብራት ጊዜ አይሰጥም።

ጥያቄ (አዲስ አበባ፣ ቪትዝ)፦ ቼክ ኢንጂን በራብኝ። ጓደኛዬ የባትሪውን ገመድ ነቅለህ ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሰው፣ ይጠፋል አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይጠፋ ይሆናል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው አለ። ቼክ ኢንጂን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ የሚበራ ማስታወሻ አይደለም። የሞተሩ ኮምፒውተር አንድ የተሳሳተ ነገር አይቶ፣ ስሙን በኮድ መዝግቦ ነው ያበራው። ባትሪውን ስትነቅል ያንን ኮድ ትደመስሳለህ፤ መካኒኩ ሊያነበው የሚገባውን ምስክር አጠፋህ ማለት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ መብራቱ ተመልሶ ይመጣል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ነዳጅ በትክክል እያቃጠለ አይደለም፤ የጭስ ማጣሪያው በሙቀት ከመበላሸቱ በፊት ፍጥነትህን ቀንሰህ ወደ ጋራዥ ሂድ። ብዙ ጊዜ ካንዴላ ወይም ኮይል ነው የሚሆነው።

በተለይ ለአንተ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ላይ የመጀመሪያው ሬዲዮ ካለ ባትሪው ሲነቀል ሊቆለፍ ይችላል። መልሰህ ስታስገባ በጃፓንኛ ጽሑፍ የካርታ ካርድ ወይም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሃል። በዚህ ምክንያት ሬዲዮአቸው ለዓመታት ዝም ያለባቸውን መኪናዎች ብዙ አይቻለሁ። የሰርቪስ ማስታወሻውንም ቢሆን ባትሪ መንቀል በአብዛኛው አያጠፋውም፤ ቆጣሪው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይረሳም።

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩም ልጨምር። የጭስ ምርመራ ሊደርስ ሲል ባትሪ መንቀል አይጠቅማችሁም። የምርመራው መሣሪያ ኮምፒውተሩ ገና ራሱን ፈትሾ አለመጨረሱን ያያል፤ መኪናው ጥቂት ቀናት ተነድቶ እንዲመለስ ይደረጋል።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሆንዳ ሲቪክ)፦ የእኔ መኪና «ኤ 1» የሚል ጽሑፍና ከጎኑ 15 በመቶ ያሳያል። ምን ማለት ነው? ቤት ውስጥ ማጥፋትስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሆንዳው አሠራር ከቶዮታው የረቀቀ ነው። ሞተሩ ስንት ዙር እንደ ዞረ፣ በምን ሙቀት እንደ ሠራ እየቆጠረ የዘይቱን ቀሪ ዕድሜ በመቶኛ ያሰላል። እሱም ቢሆን ስሌት ነው፤ ዘይቱን የሚቀምስ መሣሪያ የለውም። 15 በመቶ ሲደርስ ያስታውስሻል፤ 5 ላይ ያጠብቃል፤ ዜሮ ካለፈ ያሳለፍሽውን ርቀት መቁጠር ይጀምራል።

ፊደሉ «ኤ» ከሆነ ዘይት፣ «ቢ» ከሆነ ዘይት ከነፊልትሮው፣ ከፍሬንና ከሌሎች ፍተሻዎች ጋር። ቁጥሩ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ 1 ጎማ ማቀያየር፣ 2 የአየር ማጣሪያዎች፣ 3 የካምቢዮ ዘይት፣ 4 ካንዴላ፣ 5 የራዲያተር ውሃ። ስለዚህ አንቺ የሚጠብቅሽ ዘይት መቀየርና የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ማቀያየር ነው። እኔ ፊልትሮውንም በየጊዜው አብሬ እቀይረዋለሁ፤ ርካሽ ነው፣ አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ማሳለፍ ልቤ አይፈቅድም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሺ የዳሽቦርዱን መብራት አብሪ፤ የመምረጫውን አዝራር እየተጫንሽ የዘይቱን ዕድሜ አውጪ፤ ከዚያ አዝራሩን 10 ሰከንድ ያህል ያዢው። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ልቀቂና እንደገና 5 ሰከንድ ያዢ። 100 ሲል አበቃ። አዲሶቹ ሞዴሎች በስክሪኑ ውስጥ ያደርጉታል።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ሁለት መኪና አለን፤ አንዱ የቆየ ሼቭሮሌት፣ አንዱ ጂፕ። አዝራር ፈልጌ አጣሁ።

መልስ፦ በነዳጅ መስጫው ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ የዳሽቦርዱን መብራት ያብሩ። ሼቭሮሌቱ ላይ በ5 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ እስከ ታች ይርገጡና ይልቀቁ። ጂፑ ላይ ረጋ ብለው በ10 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አጥፍተው ያስነሱ። መልእክቱ ከተመለሰ እርገጡ ሙሉ አልነበረም፤ ይድገሙት።

ጥያቄ (ላስ ቬጋስ)፦ አዲስ መኪና ነው፣ ዋስትና አለው። ዘይቱን ራሴ ቀይሬ መብራቱን ባጠፋ ዋስትናዬ ይቀራል ብለው አስፈራሩኝ።

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይቀርም። በአሜሪካ የ1975ቱ የማግኑሰን ሞስ ሕግ ለዚህ ነው የወጣው፤ ሰርቪሱን እኛ ዘንድ ካላደረግህ ዋስትና የለህም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሞተሩ አንድ ቀን ቢበላሽ ዘይት በጊዜው መቀየርህን የምታሳየው አንተ ነህ። የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ አስቀምጥ፤ በቀየርህበት ቀን የኪሎ ሜትሩን ፎቶ አንሳ። የዘይቱ ዓይነትም መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ይሁን።

ጥያቄ (ሻሸመኔ፣ የናፍጣ ሃይሉክስ)፦ «ቲ ቤልት» የሚል መብራት በራ። አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ አጥፍቶልኝ 300 ብር ተቀበለኝ። አሁን የለም። ከዚህ በኋላ ልስጋ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ መስጋት አለብህ። ዛሬ ከተጠየቅሁት ሁሉ ያስጨነቀኝ የአንተ ጥያቄ ነው።

ይህ መብራት ስለ ዘይት አይናገርም። የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል አስተባብሮ ስለሚያዞረው ታይሚንግ ቺንጋ ነው የሚናገረው። ቺንጋው ጎማ ነው፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። መብራቱ የሚበራውም ያ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ነው። ይህም ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ቺንጋው ሲያረጅ አያይም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ዘይት ቢዘገይ ሞተሩ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ታይሚንግ ቺንጋ ግን በአንድ ቅጽበት ነው የሚበጠሰው። ሲበጠስ ከላይ ያሉት ቫልቮች ባሉበት ይቆማሉ፤ ከታች የሚመጡት ፒስተኖች ይመቷቸዋል። ከባድ ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ላይ ቢሆንብህ ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ ረዳት ኃይልም እየደከመ ይሄዳል፤ መሪውም ይከብዳል።

አንድ የሚኒባስ ቺንጋ አውጥቼ ለባለቤቱ ያሳየሁትን ልንገርህ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ። እንደ መጽሐፍ ወደ ኋላ ሳጥፈው በየጥርሱ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከፈተ፤ ሁለት ጥርስ በጥፍሬ ተነስቶ ወደቀ። ባለቤቱ በዚያ ቺንጋ በማግስቱ 12 ሰው ጭኖ ሊወጣ ነበር።

መብራቱ ሲበራ የቺንጋው ኪሎ ሜትር ሞልቶ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬውኑ መኪናውን አቁመህ ቺንጋውን አስቀይር። ማጥበቂያውንና ኩሽኔታውን አብሮ ያስቀይሩልህ፤ የውሃ ፓምፑንም ይዩት። የወጣውን አሮጌ ቺንጋ ተቀበል። መብራቱን የሚያጠፋው ቺንጋውን የቀየረው መካኒክ ይሁን፤ በዚያው ቀን፣ አዲሱን ኪሎ ሜትር አስመዝግቦ። በአሮጌዎቹ ላንድ ክሩዘሮች የፍጥነት መለኪያው መስታወት ላይ ትንሽ የጎማ ውታፍ አለ፤ እሱን አንስቶ በቀጭን ዘንግ ውስጡን መጫን ነው። ማጥፋቱ እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው በሁለት ደቂቃ 300 ብር የተወሰደብህ።

ቪትዝና ያሪስ የምትነዱ ይህን አንብባችሁ አትደንግጡ፤ የእናንተ ሞተር በሰንሰለት ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የወጡት የሃይሉክስ «ጂዲ» የናፍጣ ሞተሮችም እንዲሁ በሰንሰለት ነው የሚሠሩት።

ጥያቄ (ጅማ፣ የናፍጣ ላንድ ክሩዘር)፦ ክረምት ሲገባ የነዳጅ ፊልትሮ መብራት ይበራል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ይበራል።

መልስ፦ በነዳጁ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ፊልትሮው ሥር ይጠራቀማል፤ መጠኑ ሲበዛ መብራቱ ይበራል። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ውሃው ስለሚወዛወዝ ነው የሚበራውና የሚጠፋው። ይህኛው በአዝራር አይጠፋም፤ ውሃው ሲወጣ ራሱ ይጠፋል።

ሞተሩን አጥፍተው ከፊልትሮው ሥር ዕቃ ያስቀምጡ። ከታች ያለውን ማፍሰሻ በእጅ ሁለት ዙር ያህል ያላሉት፤ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ይጫኑ። መጀመሪያ የሚወርደው ደመና የመሰለ ውሃ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ መልሰው በእጅ ያጥብቁ፤ በፒንሳ አይጥበቅ፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ከዚያ ፓምፑ ጠንከር እስኪል ደጋግመው ይጫኑና ያስነሱ። በወር ሁለት ጊዜ ከበራ ግን የሚቀዱበትን ማደያ ይቀይሩ፤ በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ከሆነም በርሜሉን ይመርምሩ።

ጥያቄ (አዲስ አበባ፣ ቪትዝ፣ የታክሲ ሥራ)፦ የእኔ መኪና እንዲህ ያለ መብራት ጭራሽ የለውም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች ይህ መብራት የላቸውም። እዚያ ዘይት የቀየረው ሰው በሩ ላይ ወይም መስታወቱ ጥግ ቀጣዩን ኪሎ ሜትር የጻፈበት ወረቀት ይለጥፋል። አንዳንዱ ቪትዝ እዚህ ሲደርስ በሩን ስትከፍት ያ ወረቀት እስካሁን ተለጥፎበት ታገኛለህ።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ዘይት ቤቱ ካርድ ከሰጠህ ጥሩ፤ ካልሰጠህ በወረቀት ጽፈህ በሩ ላይ ለጥፍ፦ የተቀየረበት ኪሎ ሜትር፣ ቀን፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ቀጣዩ ኪሎ ሜትር። ለታክሲ ሥራ 5,000 ኪሎ ሜትርን አታሳልፍ። ምክንያቱን ልንገርህ። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ተሰልፈህ ሞተሩ አርባ ደቂቃ ሲሠራ ኪሎ ሜትሩ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዘይቱ ግን በዚያ አርባ ደቂቃ ሲሞቅ፣ ሲዞር፣ ሲቆሽሽ ነበር። በኪሎ ሜትር የሚቆጥር ማንኛውም ማስታወሻ፣ መብራትም ይሁን ወረቀት፣ ለሰልፍ ሥራ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መኪናው ብዙ የማይነዳ ከሆነ ደግሞ በ6 ወር ይቀየር።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች። የሞተር ዘይት የለውም ተብለን ነበር፤ አሁን ግን «ሰርቪስ» የሚል መልእክት መጣ።

መልስ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጥር 2016 ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተወሰነ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። የሞተር ዘይት የለውም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የፍሬን ዘይት አለው፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ውሃ አለው፤ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ጥርስ ዘይት አለው፤ የአየር ማጣሪያ አለው። ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪም አለው፤ እሱ ሲደክም መኪናው ጭራሽ አይነሳም። መልእክቱን ከስክሪኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ይቻላል፤ እነዚህ ከታዩ በኋላ። ባለ ብርቱካናማ ሽፋን ገመዶችን ግን ማንም ቤት ውስጥ አይንካ፤ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ያልፍባቸዋል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የፈረስ ጫማ የመሰለ፣ መሐሉ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለው ብርቱካናማ መብራትስ?

መልስ፦ የጎማ አየር ነው። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ አራቱንም ያስለኩ፤ የአየሩ ልክ በአሽከርካሪው በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ከጃፓን በመጡት ላይ በኪሎ ፓስካል ነው የተጻፈው፤ 220 የሚል ከሆነ ለጎሚስታው 32 ይበሉት። ከተስተካከለ በኋላም ካልጠፋ፣ በብዙ ቶዮታዎች ከመሪው በታች ትንሽ አዝራር አለ። የዳሽቦርዱን መብራት አብርተው እሱን ይያዙ፤ ምልክቱ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ብልጭ ሲል ይልቀቁ። አየሩ ሳይስተካከል ይህን አዝራር አይጫኑት፤ የጎደለውን አየር ልክ ነው ብሎ ይመዘግበዋል።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ እንግዲህ ሁሉም በቤት የሚቻል ከሆነ ጋራዥ ሄጄ በኮምፒውተር ለማስጠፋት 1,500 ብር የተጠየቅሁት ለምንድን ነው?

መልስ፦ መኪናዎ ቶዮታ፣ ሆንዳ ወይም ሃዩንዳይ ከሆነ ለሰርቪስ ማስታወሻው ኮምፒውተር አያስፈልግም። በጀርመን መኪናዎች ግን ሁሉም ነገር በአዝራር አያልቅም። ለምሳሌ ቢኤምደብሊው የዘይቱን፣ የፍሬን ሸራውን፣ የፍሬን ዘይቱን ለየብቻ ይቆጥራል። የፍሬን ሸራ ውስጥ ሲያልቅ የሚቋረጥ ቀጭን ሽቦ ስላለ ሽቦው ካልተቀየረ በምንም አዝራር አይጠፋም። ለሥራው ክፈሉ፤ ለአዝራር መጫን አትክፈሉ። የመኪናው መጽሐፍ በእጅዎ ካለ አጠፋፉ እዚያ አለ፤ ከሌለም የሞዴሉን ስምና ዓመት ይላኩልኝ።

ጥያቄ (መቀሌ፣ ኮሮላ)፦ አባቴ መብራቱን ካጠፋህ የመኪናው ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ይጠፋል፣ ስትሸጠው ኪሎ ሜትር ቀንሷል ይሉሃል ብለው ከለከሉኝ።

መልስ፦ አባትህ ለስምህ ተጨንቀው ነው፤ ጠቅላላው ኪሎ ሜትር ግን አይነካም። ሰረዞቹና ዜሮዎቹ የሚመጡት ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ አዝራሩን ስትለቅ ኪሎ ሜትሩ እንደ ነበረ ይመለሳል። ወደ ዜሮ ሊመለስ የሚችለው «ትሪፕ ኤ» ነው። ነዳጅ የምትለካበት በእሱ ከሆነ አስቀድመህ ቁጥሩን ጻፈው። ስታደርገውም አባትህን ከጎንህ አስቀምጣቸው፤ ቁጥሩ ሲመለስ በዓይናቸው ይዩት።